ተሰረቅኩ፣ ተታለልኩ ወይስ ተካድኩ? ጣቢያ ምን ብዬ ልክሰስ?

ሶማሌ ተራ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለኝ። በኮሚሽን አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ነበረ። ዕቃ ይወስዳል፣ ለደንበኛ ይሸጣል፣ ብሩን ያስገባል፣ ድርሻውን ይቀበላል። ሁለት ዓመት ገደማ እንዲህ ስንሠራ አንድም ቀን አጉድሎብኝ አያውቅም። ባለፈው ወር "ሐዋሳ ደንበኛ አለኝ፣ የሃይሉክስ ሞተር ይፈልጋል" ብሎ አንድ ያገለገለ ሞተር አስጭኖ ሄደ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝግ ነው። ተከራይቶበት የነበረውንም ቤት ለቋል። ጣቢያ ሄጄ ተሰረቅኩ ስል መርማሪው "ራስህ በእጅህ ሰጥተኸው ሰረቀኝ ትላለህ እንዴ?" አለኝ። አጠገቡ ያለው ደግሞ "ይሄ የውል ጉዳይ ነው፣ ፍትሐ ብሔር ክሰስ" ብሎ ሸኘኝ። እኔ የማውቀው ሞተሬ የለም። የሰው ንብረት ይዞ የጠፋ ሰው ሌባ ካልተባለ ምን ይባላል?

ፌርማታ፦
ባለሀብት ይባላል። ሃሃሃ። ይቅርታ ወንድሜ፣ ሞተርህን ያስመልስልህ።

ጠበቃው ከልደታ፦
ወንድሜ፣ መርማሪው የጠየቀህ ጥያቄ ልክ ነው። ችግሩ መልሱን ሳይጨርስ አንተን መሸኘቱ ነው። ራስህ ሰጥተኸው ከሄደ ስርቆት አይሆንም፣ እስከዚህ እስማማለሁ። ስርቆት ካልሆነ ወንጀል አይደለም የሚለው ግን ከየት የመጣ ነው? የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 675 በአደራ ወይም ለተወሰነ ጉዳይ የተሰጠውን የሌላ ሰው ዕቃ ወይም ገንዘብ የራሱ ያደረገን፣ የሸጠን ወይም የሰወረን ሰው እምነት በማጉደል ይቀጣል። ያንተ ልጅ ልክ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ኮሚሽን ሠራተኛ እስኪሸጠው ድረስ ሞተሩ ያንተ ነው፣ ከሸጠው ደግሞ ብሩ ያንተ ነው።

እኔ ደንበኛ ቢሮዬ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ብር እንደሄደበት አይደለም። ንብረቱ ከእጁ እንዴት እንደወጣ ነው። ባለቤቱ ሳይፈቅድ ከተወሰደ አንቀጽ 665 ነው፣ ስርቆት። በውሸት ተታሎ ራሱ አንስቶ ከሰጠ 692 ነው፣ አታላይነት። ውሸት በሌለበት አምኖ ሰጥቶ ተቀባዩ ኋላ ላይ ከካደ 675። ሦስቱም ላይ ሕጉ "ተገቢ ያልሆነ ብልፅግና" ለማግኘት ማሰብን ይጠይቃል፣ እዚያ ላይ ልዩነት የለም። የሚለያዩት ንብረቱ በተጓዘበት መንገድና ክፉ ሀሳቡ በመጣበት ሰዓት ነው።

ሶማሌ ተራ፦
እሺ፣ ገባኝ። ግን የሐዋሳው ደንበኛ እኮ አልነበረም። እዚያ ያሉ ነጋዴ ጓደኞቼን አጠያይቄ የሚያውቀው የለም። ታዲያ ዋሽቶ አይደል የወሰደው? አታላይነት አይሆንም?

ጠበቃው ከልደታ፦
ሊሆን ይችላል። ግን ዐቃቤ ሕግ ምን ማስረዳት እንዳለበት እይ። አንደኛ፣ ሞተሩን በወሰደባት ሰዓት ደንበኛ እንደሌለ ልጁ ራሱ ያውቅ ነበር። ሁለተኛ፣ አንተ የሰጠኸው ያንን ውሸት አምነህ ነው። የልጁ ጠበቃ ተነስቶ ምን እንደሚል ልንገርህ፦ "ሁለት ዓመት በታማኝነት ሠርቷል፣ የዚያን ቀንም ደንበኛ ነበረው፣ ደንበኛው ሀሳቡን ቀየረ፣ ከዚያ ልጁ ችግር ላይ ወደቀና ሸጦ በላው።" ያቺ ንግግር አታላይነቱን ልትጥለው ትችላለች። እምነት ማጉደሉን ግን ታጸናዋለች! በራሱ አንደበት በአደራ ወስጄ ሸጥኩ እያለ ነው።

675 ላይ ደግሞ አንድ ለከሳሽ የሚጠቅም ነገር አለ። ተቀባዩ በአደራ የወሰደውን ማቅረብ ወይም መመለስ በሚገባው ጊዜ ማቅረብ ካልቻለ፣ ተገቢ ያልሆነ ብልፅግና ለማግኘት እንዳሰበ ሕጉ ይገምታል። አታላይነት ላይ ይህ የለም፣ ውሸቱን ከሥሩ ማስረዳት ይጠበቅብሃል። ስለዚህ እኔ ብሆን 675ን አስቀድሜ 692ን በአማራጭ እንዲያቀርቡት ነው የምጎተጉተው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 113 ፍሬ ነገሩ የትኛውን ወንጀል እንደሚያቋቁም አጠራጣሪ ሲሆን በአማራጭ መክሰስን ይፈቅዳል። አንተ ግን ጣቢያ ሄደህ አንቀጽ አትጥራ። የሆነውን በቅደም ተከተል ተናገር፣ አንቀጽ መምረጥ የእነሱ ሥራ ነው።

እንቁጣጣሽ፦
ጥያቄ አለኝ ጠበቃ። እኔ ሕግ ተማሪ ነኝ። ሦስቱንም ሳያቸው መደበኛ ቅጣታቸው ተመሳሳይ ነው፣ ቀላል እስራት ወይም እንደ ሁኔታው እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት። አታላይነት ላይ መቀጮ ይጨመራል እንጂ ጣሪያው ያው ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ መሰንጠቅ ለምን አስፈለገ? አንድ አንቀጽ አድርገው "የሰው ንብረት የበላ" ቢሉት ምን ነበረበት?

ጡረተኛው መርማሪ፦
ልጄ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነው፣ እኔ ከጣቢያ በኩል ልመልስልሽ። የምርመራው ሥራ ጭራሽ የተለያየ ነው። ስርቆት ላይ ያየ ሰው እፈልጋለሁ፣ አሻራ እፈልጋለሁ፣ ዕቃው ማን እጅ እንደተገኘ እከታተላለሁ። እምነት ማጉደል ላይ ርክክቡን ነው የምፈልገው፣ የፈረመበት ወረቀት፣ ሲቀበል የነበረ ሰው፣ መቼ መመለስ እንደነበረበት። አታላይነት ላይ ደግሞ የተባለውን ቃል፣ የታየውን የውሸት መታወቂያ፣ ሌሎች በተመሳሳይ መንገድ የተበሉ ሰዎችን። ሁሉንም አንድ ከረጢት ውስጥ ብንከተው መርማሪው ምን እንደሚፈልግ አያውቅም ነበር።

ሌላው፣ መደበኛው ቅጣት ይመሳሰል እንጂ ሲከብድ መንገዳቸው ይለያያል። ሰብሮ ገብቶ ወይም በተመሳሳይ ቁልፍ ከፍቶ ሲሆን ከባድ ስርቆት ነው፣ 669፣ ከ1 እስከ 15 ዓመት። ሰው ላይ እጁን ካነሳ ደግሞ ከስርቆት ወጥቶ ውንብድና ውስጥ ይገባል፣ 670፣ እሱም ከ1 እስከ 15 ነው። መሣሪያ ሲያዝ ወይም በቡድን ሲሆን 671 ይመጣል፣ እሱ ከዚህም ይብሳል።

በእኔ ጊዜ ጣቢያ የሚመጣ ሰው ሁሉ "ተዘረፍኩ" ነበር የሚለው። ኪሱ የተበረበረም ተዘረፍኩ፣ ዕቁብተኛው የካደውም ተዘረፍኩ። አልፈርድበትም፣ ሰው ተናዶ ነው የሚመጣ።

ፌርማታ፦
አባባ፣ እኔ ባለፈው ሜክሲኮ ላይ ሿሿ ተሠርቻለሁ። ሚኒባስ ውስጥ "በሩ አልተዘጋም፣ ያዝልን፣ ጠጋ በል፣ ወንበሩ ተነቅሏል" እያሉ ሲያዋክቡኝ ቆይተው "አይ በዚህ አንሄድም" ብለው አወረዱኝ። ኪሴን ስዳብስ ስልኬ የለም። አታለው አይደል የወሰዱት? አታላይነት ነው?

ጡረተኛው መርማሪ፦
አይደለም የኔ ልጅ። እስቲ አስብ። ስለ በሩ ዋሽተውሃል፣ ግን ስልክህን "እንካችሁ" ብለህ ሰጠሃቸው? አልሰጠህም። ውሸቱ ዓይንህን ለማዞር ነው፣ የወሰደው የአንዱ እጅ ነው። ስርቆት ነው፣ ያውም ተደራጅተው የሚሠሩት። አንዱ ጋቢና ሆኖ ያዋክባል፣ አንዱ አጠገብህ ተቀምጦ ይወስዳል፣ ሾፌሩም በጥቅም አብሮ ነው።

አታላይነት ማለት አንተ ራስህ በንብረትህ ላይ ጉዳት የሚያመጣብህን ነገር እንድታደርግ ሲያደርጉህ ነው። መንገድ ላይ "ወርቅ ወድቆ አገኘሁ፣ አገሬ መግቢያ ብር ስጠኝና ውሰደው" የሚሉት አሉ። ነሐስ ነው። ብሩን ግን አንተ ከኪስህ አውጥተህ ቆጥረህ ትሰጣለህ። ጥቁር ወረቀት አጥበን ዶላር እናደርግልሃለን የሚሉትም እንዲሁ። ዋሽተው አንተን አሠሩህ። ልዩነቱ እሱ ነው።

እንቁጣጣሽ፦
እሺ አባባ፣ "ስልኬ ባትሪ ዘግቶብኛል፣ አንዴ ልደውልበት" ብሎ ተቀብሎ የሚሮጠውስ? በእጁ ሰጥቶታል፣ ውሸትም አለበት። በእኔ እምነት ንጹህ 692 ነው። ስልኩን ያስረከበው "እደውላለሁ" የሚለውን ውሸት አምኖ ነው።

ጡረተኛው መርማሪ፦
እኔ ስርቆት ነው የምለው። ለደቂቃ እፊትህ እንዲደውል ፈቀድክለት እንጂ ስልኩን አላስረከብከውም። ዓይንህ ላዩ ላይ ነው፣ ስልኩ አሁንም በአንተ ይዞታ ሥር ነው። የወሰደው ሲሮጥ ነው።

እንቁጣጣሽ፦
አልተዋጠልኝም። እንደዚያ ከሆነ ሱቅ ገብቶ "ሰዓቱን ልየው" ብሎ እጁ ላይ አስሮ የሚወጣውም ስርቆት ሊሆን ነው።

ጠበቃው ከልደታ፦
አዎ፣ እሱም ስርቆት ነው እህቴ። ባለሱቁ ሰዓቱን እንዲያይ ሰጠው እንጂ ይዞት እንዲሄድ አልሰጠውም። አባባ ያሉት ይሻላል ባይ ነኝ። ነገር ግን ተመሳሳይ ጉዳይ በአታላይነት ተከሶ አይቻለሁ፣ ስለዚህ ክርክርሽ ባዶ አይደለም። ዕቃውን ከዓይን ውጭ ይዞ እንዲሄድ ፈቅዶለት ቢሆን ኖሮ፣ ለምሳሌ "ታች ሰፈር ለእናቴ አሳይቼ እመለሳለሁ" ብሎ ወስዶት ቢሆን፣ ያኔ ካንቺ ጋር እሆን ነበር። መኪና ተከራይቶ አስይዞ የሚበደረውም ላይ ይኸው ጥያቄ ይነሳል። በሐሰተኛ መታወቂያ ከተከራየ ከመጀመሪያውም አታላይ ነው። በራሱ ስም ተከራይቶ ሁለት ወር በሥርዓቱ ከፍሎ በሦስተኛው አስይዞት ከጠፋ እምነት ያጎደለ ነው።

ቆጣቢ፦
ቆይ እኔን የሚያሳስበኝ የንግድ ባንኩ ጉዳይ ነው። መጋቢት 2016 ላይ ሲስተም ተበላሽቶ ሰው አካውንቱ ውስጥ የሌለውን ብር በሌሊት ሲያወጣና ሲያስተላልፍ አደረ። ባንኩ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነው ብሎ ነበር፣ ኋላም ያልመለሱትን ስም ዝርዝር ለጠፈ። ያ ምን ይባላል? ማንም አልዋሸ፣ ማንም አልሰበረ፣ ማሽኑ ራሱ ነው እንካ ያለው።

ጠበቃው ከልደታ፦
ይሄን ያነሳኸው ደስ ብሎኛል፣ ያን ሰሞን እኛ ቢሮ ውስጥ ቡና እየጠጣን የተጨቃጨቅንበት ነው። አታላይነት ይከብዳል። 692 የሚያወራው ሰው ስለ መታለል ነው፣ እዚያ ሌሊት የተታለለ ሰው የለም። ማሽን አያምንም፣ አይታለልም። እምነት ማጉደልም አይመስለኝም፣ ባንኩ ለተወሰነ ጉዳይ አደራ ብሎ የሰጠው ብር አይደለም። ቀሪ ሒሳቡ መቶ ብር እንደሆነ እያወቀ ደጋግሞ እየተመላለሰ ያወጣ ሰው ለእኔ ስርቆት ውስጥ ነው፣ የባንኩን ብር ያለ ባንኩ ፈቃድ እያወቀ ወስዷል። ጓደኛው ልኮለት አካውንቱ ውስጥ ድንገት ያገኘ ደግሞ ሌላ ነው። በስህተት ወይም በአጋጣሚ እጁ የገባን የሌላ ሰው ንብረት የራስ ማድረግን ሕጉ ለብቻው ይቀጣል፣ ከስርቆት ቀለል ያለ ነው። ያውም ብሩ የሰው መሆኑን ካወቀ ነው።

በዚህ ላይ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ። እሱ የመጣው በከፊል ይሄን ማሽን አይታለልም የሚለውን ቀዳዳ ለመድፈን ነው። "ከባንክ ነው የምደውለው" ብሎ የይለፍ ቁጥርህን ተቀብሎ ራሱ ገብቶ ብርህን የሚያስተላልፈውን ሰው ላይ በጣም ይሠራል። ባንኩ ግን ያኔ መጀመሪያ የመረጠው ማስመለስን ነው፣ እኔም ብሆን እሱን ነበር የምመክረው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኔም ልጠይቅ፣ እናንተው ፍረዱ። አሜሪካ ነው ያለሁት። ለዓመታት ለወንድሜ ቤት ሥራልኝ ብዬ ስልክ ነበር። ቤቱ ተሠራ፣ ካርታው በእሱ ስም ወጣ። አሁን "የላክሽው ለቤተሰብ ድጋፍ ነው፣ ቤቱን በራሴ ነው የሠራሁት" ይላል። እናቴ ደግሞ ወንድምሽን አትክሰሺ እያለች ታለቅሳለች። ይሄ ወንጀል ነው ወይስ የቤተሰብ ጣጣ?

ጠበቃው ከልደታ፦
ሁለቱንም ሊሆን ይችላል እህቴ። 675 "ለተወሰነ ጉዳይ የተሰጠ ገንዘብ" ይላል፣ "ቤት ሥራልኝ" የተወሰነ ጉዳይ ነው። ነገር ግን ክሱ የሚቆመው ብሩ ለዚያ ጉዳይ እንደተላከ ማሳየት ከቻልሽ ብቻ ነው። የባንክ ደረሰኝ መላክሽን ያሳያል፣ ለምን እንደላክሽ አያሳይም። እሱ ድጋፍ ነው ካለ ስጦታ ይሆናል፣ ስጦታ ደግሞ ከተሰጠ በኋላ የተቀባዩ ነው። ስለዚህ የቴሌግራምና የዋትስአፕ መልእክቶችሽን አንዱንም እንዳታጠፊ። "ስሚንቶ አልቋል፣ ለብረት ላኪ" ያለሽ አንድ የድምፅ መልእክት ከመቶ ደረሰኝ ይበልጣል። ቤቱን በስምሽ የማዞሩ ነገር የፍትሐ ብሔር ክርክር ነው፣ የወንጀሉ ክስ ካርታ አያዞርልሽም። እናትሽን በተመለከተ እኔ የምለው የለኝም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
የድምፅ መልእክቶቹ አሉኝ፣ የቀለሙን እንኳ አማርጦኛል። አመሰግናለሁ ጠበቃ።

ቆጣቢ፦
ለጓደኛዬ ብር አበድሬው አልከፍልም ያለኝስ? አምኜው ነው የሰጠሁት፣ እምነት አጎደለ አይባልም?

ጠበቃው ከልደታ፦
አይባልም። ያበደርከው ብር የእሱ ሆኗል፣ እንዲያወጣው ነው የሰጠኸው። ያንተ የሆነው የመጠየቅ መብት ነው። አለመክፈል ዕዳ ነው፣ ፍትሐ ብሔር። የዕቁብ ሰብሳቢ ግን ብሩን የያዘው ለባለዕጣው ሊሰጥ ነው፣ እሱ ቢሰወር 675 ነው። ሲበደርህ ቼክ ጽፎልህ ከሆነና በቂ ስንቅ፣ ማለትም ሒሳቡ ውስጥ በቂ ብር፣ እንደሌለው እያወቀ ከሆነ የጻፈው፣ ያ ለብቻው 693 ነው።

አንድ ነገር ግን በዚህ አጋጣሚ ልናገር። ነጋዴው ዕዳውን ለመሰብሰብ ጣቢያን መጠቀም ለምዷል። ውል ፈርሞ፣ ወለድ ተቀብሎ፣ ገንዘቡ ሲዘገይ "አታለለኝ" ብሎ ይከሳል፣ ሰውየው አንድ ሌሊት ካደረ ዘመዶቹ አዋጥተው ይከፍላሉ፣ ከዚያ ክሱ ይቀራል። ሶማሌ ተራን "ፍትሐ ብሔር ሂድ" ብሎ የመለሰው መርማሪም በዚህ ተሰላችቶ ሊሆን ይችላል። እውነተኛ ተበዳዩ ነው በመሀል የሚጎዳው።

ሶማሌ ተራ፦
ወገኖች አዲስ ነገር አለ! ሞተሩን አገኘሁት። እዚሁ ሰፈር፣ ከእኔ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ አንድ ሱቅ ውስጥ ተቀምጧል። ባለሱቁን ስጠይቀው "ገዝቼ ነው፣ ሌባ መሆኑን በምን ልወቅ" አለኝ። እንቢ ቢለኝ በፖሊስ አስነሳዋለሁ አይደል? የራሴ ሞተር እኮ ነው።

እንቁጣጣሽ፦
እያወቀ ከገዛ መሸሸግ ነው፣ 682። የወንጀል ፍሬ መሆኑን እያወቀ ወይም መገመት እየቻለ የገዛ ይቀጣል።

ጠበቃው ከልደታ፦
እንቁጣጣሽ፣ ቅድም "ለምን ይሰነጠቃል" ብለሽ ጠይቀሽ ነበር። ይኸውልሽ መልሱ እዚህ መጣ።

ሶማሌ ተራ፣ ረጋ ብለህ አንብበው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1161 ዋጋ ከፍሎ በቅን ልቦና ተንቀሳቃሽ ዕቃ የገዛና የተረከበን ሰው ባለቤት ያደርገዋል፣ የሸጠለት ሰው ባለቤት ባይሆንም እንኳ። አንቀጽ 1165 ደግሞ የተሰረቀን ዕቃ ከዚህ ያወጣዋል፣ የተሰረቀበት ሰው ከቅን ልቦና ገዢም ቢሆን ያስመልሳል። አየህ? ሞተርህ ተሰርቆ ቢሆን ኖሮ ባለሱቁ ቅን ይሁን አይሁን ትወስደው ነበር። አንተ ግን በእጅህ ነው የሰጠኸው። ለአንተ 1165 አይሠራልህም። ስለዚህ ሁሉ ነገር የሚቆመው ባለሱቁ በቅን ልቦና ገዝቷል ወይስ አልገዛም የሚለው ላይ ነው።

ሶማሌ ተራ፦
ይሄማ ፍርደ ገምድል ነው! ያመንኩት ሰው ከካደኝ፣ ሰብረው ከገቡብኝ የባሰ ልቀጣ ነው? ታዲያ ሌሊት ሱቄ ተሰብሮ ነው ብል አይሻልም?

ጠበቃው ከልደታ፦
በጭራሽ እንዳትሞክራት። በሐሰት ክስ አንተው ትገባለህ፣ ቀድመህ ጣቢያ የተናገርከው ቃልም ተመዝግቦ ይጠብቅሃል። ሕጉ የሚለው ይሄን ነው፦ ልጁን መርጠህ ያመንከው አንተ ነህ፣ ገዢው ግን አላወቀህም። ከሁለት ንጹህ ሰዎች አንዱ መጎዳት ካለበት የመረጠው ይጎዳ። እኔም ሁሌ አይጥመኝም፣ ግን ከየትም የመጣ አይደለም።

ጡረተኛው መርማሪ፦
ቅን ልቦና እኮ በአፍ አይደለም የሚታየው። በስንት ገዛው? ደረሰኝ አለው? ከማን ገዛሁ ይላል፣ ውል አለ? አንድ ሰፈር እየሠራችሁ ያ ልጅ ያንተ ኮሚሽን ሠራተኛ መሆኑን አያውቅም ነበር? እኔ ብሆን ከዚህ ነው የምጀምረው። በግማሽ ዋጋ፣ ያለ ደረሰኝ፣ ከሚያውቀው የጎረቤት ሠራተኛ ከገዛ ቅን ነኝ ብሎ ማን ያምነዋል? ያኔ ንብረቱን ታስመልሳለህ፣ 682ም እሱን ይፈልገዋል።

ሶማሌ ተራ፦
ልጁን በደንብ ያውቀዋል። ምሳ አብረው ሲበሉ አይቻለሁ። ዋጋውን አልነገረኝም።

ጠበቃው ከልደታ፦
በል አሁን ከባለሱቁ ጋር እንዳትጨቃጨቅ። ከተጨቃጨቅክ ሞተሩ ዛሬ ማታ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ነገ በጠዋት ጣቢያ ሂድና ልጁ በኮሚሽን ይሠራ እንደነበር፣ መቼ እንደወሰደ፣ ማን ሲጭን እንዳየ፣ አሁን የት እንዳየኸው ተናገር። ለመጫን የረዱትን ሁለት ሰዎች ስም ያዝ። ሞተሩ ላይ የተመታው ቁጥር አለ፣ ስትገዛው ከተሰጠህ ደረሰኝ ወይም ከዲክላራሲዮኑ፣ ከጉምሩክ ወረቀቱ ማለቴ ነው፣ ጋር መግጠም አለበት። ወረቀቱ የት ነው ያለው?

ሶማሌ ተራ፦
አስመጪው ጋ ነው። አሁኑኑ ልደውልለት።